ስለ ጧሪና ስለ ጡረታ

በቋንቋችን «ጡረታ» የሚባለው ስም «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መጦር ማለት የደከመ ወላጅን መመገብ፣ ማልበስ፣ ሲታመም ማስታመም፣ ሌሊት ሲጣራ «አቤት» ብሎ መነሣት ነው። ዛሬ ግን በከተማ የሚኖር ሽማግሌ «ጡረታዬን ልቀበል እሄዳለሁ» ሲል በየወሩ የሚከፈለውን ገንዘብ ማለቱ ነው እንጂ የልጁን እጅ ማለቱ አይደለም። ቃሉ አንድ ሲሆን ነገሩ ሁለት ሆኗል። ገንዘቡ ከእጁ ተለይቶ ሊኖር ይችላልን? ልጅ ያላሳደገ ሰውስ በእርጅናው ዘመን ከሌሎች ልጆች ድካም ሲመገብ፣ እነዚያን ልጆች ላሳደጉት ዕዳ አለበትን? የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ስለዚህ ነገር ከእናንተ ጋር ጥቂት ለማሰብ እንወዳለን። ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ኋላ እንደምናየው ወደ ደጃችን ደርሷል።

ለምሳሌ የምንወስደው የጀርመንን አገር ነው። ማርቲን ሉተር ስለ አራተኛው ትእዛዝ የጻፈው በዚያ ነው፤ በ1928 በወለጋ በአይራ ሥራ የጀመሩት የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን መልእክተኞችም የመጡት ከዚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ለሠራተኞች የእርጅና ጡረታን በመንግሥት ሕግ ያቆመውም በቢስማርክ ዘመን፣ በ1889፣ ይኸው አገር ነው። በዚያን ጊዜ ጡረታ የሚሰጠው 70 ዓመት ለሞላው ሰው ነበር፤ ወደ 65 ዝቅ ያለው በ1916 ነው። እስከዚያ ዕድሜ የሚደርስ ሠራተኛ ጥቂት ስለ ነበረ ሸክሙ ቀላል ነበር።

በ1957 በምዕራብ ጀርመን የወጣው ሕግ ጡረታን ከደመወዝ ዕድገት ጋር አያያዘው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ዛሬ የሚሠራው ሰው ከደመወዙ የሚከፍለው ገንዘብ ለእርሱ እርጅና በሣጥን አይቀመጥለትም፤ ወዲያው ለዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ይሰጣል። እርሱም በተራው ሲያረጅ፣ ከእርሱ በኋላ የሚነሡት ይከፍሉለታል ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ በዚህ ቃል ኪዳን ውስጥ ከከፋዮቹ ብዙዎቹ፣ ቃሉ ሲሰጥ ገና አልተወለዱም። ይወለዱ ይሆንን ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

በእርግጥም በዚያ ዘመን ልጅ ይወለድ ነበር። በ1964 በሁለቱ ጀርመኖች 1,357,000 ያህል ሕፃናት ተወለዱ። በ2024 በተባበረው ጀርመን የተወለዱት 677,000 ያህል ብቻ ናቸው፤ ይኸውም እኩሌታ ነው። ከ1972 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሞተው ከሚወለደው ይበልጣል። አንድ ሕዝብ ከውጭ ሰው ሳይገባበት በቍጥሩ እንዲጸና ለአንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ልጆች ያስፈልጋሉ፤ በጀርመን ግን በ2024 የነበረው 1.35 ነው። የሕዝቡ ቍጥር እጅግ ያልወደቀው ከሌላ አገር የሚመጡ ሰዎች ስለሚጨመሩበት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ ጡረተኛ ስድስት ያህል ከፋዮች ነበሩት፤ ዛሬ ሁለት ያህል ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛውና አሠሪው በአንድነት ከደመወዝ ከመቶ 18.6 ለጡረታ ይከፍላሉ፤ መንግሥትም በየዓመቱ ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ከግብር ይጨምርበታል፤ የጡረታው ዕድሜም በ2007 በወጣው ሕግ መሠረት ቀስ በቀስ ከፍ እያለ በ2031 ወደ 67 ይደርሳል።

ገርሃርድ ማከንሮት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1952 ስለዚህ ጕዳይ ሲያስተምር፣ ለሽማግሌዎችና ለሕሙማን የሚሰጠው ሁሉ፣ በመዝገብ የተጻፈበት ስም ምንም ቢሆን፣ ዞሮ ዞሮ በዚያው ዓመት ከተሠራው ሀብት የሚወጣ መሆኑን አስረድቷል። የአገራችን ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ጤፍ በጎተራ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። ጤፉን የሚፈጭ፣ የሚያቦካ፣ የሚጋግር፣ ለደካማውም የሚያጐርስ እጅ ግን በጎተራ አይከተትም። በባንክ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው እንጀራ አላጠራቀመም፤ ያጠራቀመው በነገው ሰው ከሚጋገረው እንጀራ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። ጋጋሪዎቹ ጥቂት፣ ጠያቂዎቹ ብዙ በሆኑ ጊዜ ወይ እንጀራው ይወደዳል ወይ ቍራሹ ያንሳል።

የኢኮኖሚ ዕድገት የሚባለውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሚሠሩት ሰዎች ቍጥርና እያንዳንዱ የሚያፈራው ፍሬ ተባዝተው የሚሰጡት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተወለዱት ብዙዎች አሁን ከሥራ እየወጡ ናቸው፤ ከኋላቸው የሚገቡት ወጣቶች ያንሳሉ። ሠራተኛው ሲቀንስ የእያንዳንዱ ፍሬ እጅግ ካልበዛ በቀር ዕድገት ይደክማል። በ2023ና በ2024 የጀርመን ምርት በጥቂቱ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ የጋዝ መወደድና የንግድ መቀዝቀዝም ስላሉበት ሁሉን በልጅ ማነስ ማሳበብ እውነት አይሆንም። መኪና የሰውን እጅ ይተካል የሚሉም አሉ። በፋብሪካ ብዙ ተክቷል፤ አንክድም። የአልጋ ቍራኛ የሆነችን እናት ገልብጦ የሚያጥብ ግን እስከ አሁን ሰው ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ መንግሥት ሴቶች ብዙ እንዲወልዱ ይዘዝ» ይል ይሆናል። ጀርመን ይህንም አይታዋለች። የሂትለር መንግሥት በ1938 የእናቶች መስቀል የሚባል ኒሻን አቆመ፤ አራት ለወለደች የነሐስ፣ ስድስት ለወለደች የብር፣ ስምንት ለወለደች የወርቅ ነበረ። ያው መንግሥት ግን አስቀድሞ በሐምሌ 1933 ባወጣው ሕግ፣ ለሕዝቡ አይጠቅሙም ያላቸው ሰዎች እንዳይወልዱ በግድ እንዲመክኑ አዘዘ፤ ቍጥራቸው ወደ 400,000 ይገመታል። ቀጥሎም በ1940ና በ1941 ከ70,000 በላይ ሕሙማንንና አካለ ስንኩላንን በስውር በጋዝ ገደለ፤ እነዚህ «ሳይሠሩ የሚበሉ» ተብለው ተቈጥረው ነበርና። የኒሻኑና የግድያው እጅ አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ሕፃኑን ስለሚሠራው ሥራ ብቻ የሚወድ መንግሥት፣ መሥራት ያቆመውን ሽማግሌ የሚወድበት ምክንያት የለውም። የቩርተምበርግ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ቴዎፊል ቩርም በሐምሌ 1940 ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጽፎ ግድያውን ተቃወመ፤ በቤተል የነበረው ፍሪድሪክ ፎን ቦደልሽቪንግም በእጁ ያሉትን ሕሙማን ለማትረፍ ታገለ። እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሌላው ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው ዝም ማለቱ እኛንም ሉተራውያንን የሚያሳፍር ነው።

ስለዚህ ስለ ልጅ ማነስ ስንናገር በሁለት ገደል መካከል እንደሚሄድ ሰው በጥንቃቄ መራመድ ይገባናል። ልጅ ለመንግሥት ግብር ከፋይ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ፣ ለወላጅም ጧሪ እንዲሆን ብቻ ከተፈለገ፣ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የገበያ ዕቃ ይሆናል። በሌላው ወገን ደግሞ፣ ልጅ ማሳደግ እንደ ውሻ ማሳደግ ወይም እንደ አበባ መትከል የእያንዳንዱ የግል ደስታ ብቻ ነው ማለት ውሸት ነው። ያ ልጅ አድጎ ያላሳደጉትን ሁሉ ይጦራልና።

በዚህ ነገር ላይ የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2001 የሰጠው ፍርድ ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበን ቈይቷል። በዚያ አገር በ1995 ለደካሞች ማስታመሚያ የሚሆን የመድን ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ እንደ ደመወዙ ይከፍላል፣ አርጅቶ የሚያነሣው ሲፈልግ ከዚያ ይረዳል። ብዙ ልጆች ያሉት አንድ አባት ግን «እኔ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ፤ አንድ ጊዜ በገንዘብ፣ አንድ ጊዜ ነገ የሚከፍሉትን በማሳደግ» ሲል ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ይህ ሥርዐት እንዲቆም ገንዘብ ብቻ እንደማይበቃው፣ አዲስ ትውልድም እንደሚያስፈልገው አይቶ፣ ልጅ ያሳደገውንና ያላሳደገውን እኩል ማስከፈል የቀና አይደለም ብሎ ፈረደ። ከ2005 ጀምሮ ልጅ የሌለው ሰው ጥቂት ጭማሪ ይከፍላል፤ ጭማሪው ከሐምሌ 2023 ወዲህ ከደመወዝ ከመቶ 0.6 ሆኗል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች የሚያሳድጉም በዚያው ቀን ክፍያቸው ቀሎላቸዋል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2022 ደግሞ በጡረታና በሕክምና መድን በኩል እንዲህ ያለ ልዩነት ማድረግ ግድ አይደለም ብሏል። እንግዲህ ነገሩ ለሊቃውንቱም ቢሆን ያለቀለት አይደለም።

እኛ ምን እንላለን? በዋናው ነገር ፍርዱ ቅን ይመስለናል። ሌሊት ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር ያልነቃ፣ የትምህርት ቤት ያልከፈለ፣ በልጅ በሽታ ያልደነገጠ ሰው፣ በጥፋት ባይሆንም፣ ከአንድ ሸክም ዐርፏል። ከዚያ ሸክም ፍሬ ግን በእርጅናው ይካፈላል። እንዲህ ያለው ሰው ለጐረቤቱ ልጆች ዳቦ ጥቂት ቢጨምር ተበደልሁ ሊል አይችልም። ዕዳው ኀጢአት ስለ ሠራ የሚከፈል ቅጣት አይደለም፤ በአንድ ገበታ የሚበሉ ሰዎች የሚያዋጡት ድርሻ ነው።

ነገር ግን ይህ ፍርድ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ወደ ሰው ልብ ሲገባ ምን እንደሚሆን እንፈራለን። በደጋው አገራችን ልጅ ያጣች ሴት የምትሰማውን ቃል ሁላችን እናውቃለን፤ «መካን» የሚለው ስም ከባሏ ቤት ያስወጣታል፣ በለቅሶና በሠርግ ወደ ኋላ ያስቀምጣታል። ሐና በሴሎ ስታለቅስ ያስለቀሳት የማኅፀኗ መዘጋት ብቻ አልነበረም፤ የጣውንቷም አፍ ነበር። በጉባኤያችን እንኳ ስለ ልጅ በረከት ሲሰበክ፣ በኋላ ወንበር ተቀምጣ አንገቷን የምትደፋ እኅት መኖሯን ሰባኪው ብዙ ጊዜ ይረሳል። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ፣ በምዕራፍ 56፣ ልጅ ለማይወልዱት ቃል ኪዳኑን ለሚጠብቁት፣ በቤቱ ውስጥ ልጆች ሊሰጡት ከሚችሉት የሚበልጥ ስም ተስፋ ሰጥቷል።

ደግሞም ሒሳቡ የማያያቸው ሰዎች አሉ። በ1836 ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ ፓስተር በካይዘርስቬርት ቤት ከፍቶ፣ ያላገቡ ሴቶችን ለሕሙማንና ለድኾች አገልግሎት ሰበሰበ። ከዚያም ሥራው በብዙ አገር ተሰራጨ። እነዚያ እኅቶች አንድም ልጅ አልወለዱም፤ የሰው ልጆችን ግን አስተማሩ፣ የሰው እናቶችን አጠቡ፣ ዐይን ከደኑ። እነዚህን በልጅ ቍጥር የሚመዝን ሚዛን ቢመጣ፣ ሰባት ወልዶ አንዱንም ያልጠየቀ አባት ከእነርሱ በልጦ ሊገኝ ነው። የመንግሥት ሕግ እንዲህ ያለውን ለመለየት ዐይን የለውም፤ በዚህም አንወቅሰው። ጉባኤ ግን ዐይን አላት።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ እጁ እንመለስ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የፈሪሳውያንን አንድ ልማድ ገልጧል። ሰው ወላጆቹን ሊረዳበት የሚገባውን ሀብት «ቍርባን» ብሎ ለእግዚአብሔር የተሰየመ ካደረገው፣ ወላጆቹን ከመርዳት ነፃ ይሆን ነበር። ነገሩ የከፋው ስጦታው የተቀደሰ ስለ መሰለ ነው። በዘመናችን ይህ ቍርባን ሌላ ስም አግኝቷል። አንዱ «ግብር ከፍያለሁ፣ መንግሥት ይጡራቸው» ይላል። ሌላው ከውጭ አገር ሆኖ በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ ይህም መልካም ነው፣ ስንት ቤት በዚህ ቆሟል፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳያሰማ «እናቴን እየጦርሁ ነው» ሲል እንጠራጠራለን። ሉተር በትልቁ ካቴኪዝም ስለ አራተኛው ትእዛዝ ሲያስተምር፣ ወላጆች ድኾችና ደካሞች፣ ጠባያቸውም አስቸጋሪ ቢሆን እንኳ ክብራቸው እንደማይቀርባቸው ጽፏል። ገንዘብ መላክ ከባድ ነው፤ የአንድ ሽማግሌን ጭቅጭቅ በየቀኑ መሸከም ግን ይበልጥ ይከብዳል። ትእዛዙ የተሰጠው ለዚህኛውም ጭምር ነው።

ጀርመን እጅ ስላጣች እጅ ከውጭ ትጠራለች። ከፖላንድና ከሮማንያ የሚመጡ ሴቶች በሽማግሌዎች ቤት አብረው እየኖሩ ያስታምማሉ፤ ከፊሊፒንስና ከሌላም አገር ነርሶች ይቀጠራሉ፤ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የሚሠራ ሕግም ለሠለጠኑ ሠራተኞች በሩን አስፍቷል። ይህን ስናነብ የሩት ታሪክ ትዝ ይለናል። ሞዓባዊቱ ሩት አገሯን ትታ ያረጀችውን እስራኤላዊት ኑኃሚንን ጦረች፤ የቤተ ልሔም ሴቶችም ከሰባት ወንዶች ልጆች አስበልጠው መሰከሩላት። ታሪኩን ሁላችን እንወደዋለን። ነገር ግን ሩት በሞዓብ የቀረች እናት ነበረቻት፤ ኑኃሚን ራሷ በመንገድ ላይ ወደ እናቷ ቤት እንድትመለስ መክራታለች፣ ቦዔዝም አባትና እናቷን መተዋን አንሥቷል። ያችን እናት ማን ጦራት? መጽሐፉ አይናገርም። የነርሷ እናት በመንደሯ ስታረጅ ማን ያነሣታል የሚለውም ጥያቄ በቅጥር ውሉ ላይ አይጻፍም። የሄደችውን አንኰንንም፤ ሩትንም ማንም አልኰነናትም። የተጠቀመው አገር ግን ለዚያች እናት አንዳች ዕዳ የለብኝም ሊል ይገባዋልን? በካርልስሩኸ ያሉት ዳኞች ለራሳቸው አገር ወላጆች ያዩት ቅን ነገር፣ ልጆቿን አሳድጋ ለሰጠች ለሩቅ አገር እናትም የሚሠራ ይመስለናል። እስከ አሁን ግን ይህን የፈረደ ፍርድ ቤት አላየንም።

ወደ ደጃችን ደርሷል ያልነውም ይህ ነው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ በአማካይ አንዲት ሴት 4.6 ልጆች ስትወልድ፣ በአዲስ አበባ የተገኘው 1.8 ነበር፤ በ2005 ጥናትማ 1.4 ነበር። ይህ ከጀርመን የራቀ አይደለም። ምክንያቱ ቅንጦት ነው የሚል ሰው የቤት ኪራይ ጠይቆ አያውቅም። ወጣቱ ሥራ ሳያገኝ አያገባም፣ ቤት ሳያገኝ አይወልድም፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ተረት በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ ባልና ሚስት አያጽናናም። እነዚህን «ለምን አትወልዱም» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው። ከሠርጋቸው ድግስ ላይ ቀንሶ የመጀመሪያ ዓመት ኪራያቸውን ያገዘ ጉባኤ ግን ከብዙ ተግሣጽ የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም ዛሬ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ወላጆች ያረጃሉ፤ ያ አንድ ልጅ ደግሞ በሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ከ2011 ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በሕግ ጡረታ እንዲኖራቸው መደረጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ያ ገንዘቡ ነው።

ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ስለ እናቱ ያደረገውን እናስብ። የሥጋ ልጅ አልተወላትም፤ እናቱን ያልወለደችው ደቀ መዝሙር እንዲጠብቃት አደራ ሰጠ፤ ደቀ መዝሙሩም ወደ ገዛ ቤቱ አስገባት። ገንዘብ ስለ መስጠቱ አልተነገረም፤ ቤት ግን ተነግሯል።

በጉባኤያችን ዕድር አለን፤ ደንብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ መዝገብ አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ ያልመጣ ይቀጣል። አገራችን «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» ስትል ሁለት ነገር ትጠራለች፤ እኛ መዝገብ ያወጣንለት ለሁለተኛው ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ድንኳን ከተከልንላቸው አሮጊቶች መካከል፣ ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ሳምንታት ውኃ የሚያቀብላቸው አጥተው የሰነበቱ አሉ። በዕድሩ መዝገብ ላይ ስማቸው ነበረ፤ ወርኃዊውንም መዋጮ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ከፍለዋል። ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ሽማግሌዎቹ በዚያው መዝገብ ላይ ሌላ ዐምድ እንዲሰመር አሳብ ሊያቀርቡ ነው፤ በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ቤት ማን እንደሚሄድ የሚጻፍበት ነው። ልጅ ያላቸውም የሌላቸውም በተራ ይገባሉ ተብሏል። ቅጣቱ ስንት ይሁን በሚለው ላይ ገና አልተስማሙም።